የእትዬ ቁልፍ ቁም ሳጥን

የትምህርት ቤታችንን የሳይንስ መምህር ሁላችንም «እትዬ ቁልፍ» ነው የምንላት። የመስታወት በር ያለው ቁም ሳጥን ቁልፍ ከአንገቷ ላይ ወርዶ አያውቅም። ውስጡ ሃያ አራት አጉሊ መነጽር፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ ማግኔትና የብርጭቆ ቱቦ አለ። ሥራ በጀመረች ሳምንት የንብረት ክፍል ኃላፊው «ለጊዜው ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» አላት፤ ፈረመች። አዲስ ሰው ምን ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጆቹ ሳይንስን የተማሩት በዓይናቸው ብቻ ነው። ማግኔቱን እሷ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፤ አርባ ልጅ አንገቱን ያሰግጋል፤ ሲደወል ቆጥራ ትቆልፋለች። አንድ ቱቦ ከጎደለ መልቀቂያ የለም፤ መልቀቂያ ከሌለ ዝውውር የለም። እናቷ ደግሞ ሌላ ከተማ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ሦስት ዓመታቸው ነው። እኔ የሂሳብ አስተማሪው ይህን እያወቅሁ በስስቷ ስቀልድባት ኖሬያለሁ።

ዘንድሮ ዝውውሩ ወጣላት። እስከ ዓርብ ካላስረከበች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባለ። ኃላፊው መጥቶ ቆጠረ፤ አንድም አልጎደለም። ፊቷ ገና ፈካ ከማለቱ «ማን ይረከብሽ ታዲያ?» አላት።

ማንም። የቋንቋ አስተማሪዋን ድንገት ወገቧን አመማት። የስፖርት አስተማሪው «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ላጥ አለ። ሐሙስ ዕለት እኔ ዘንድ መጣች።

«ወንድሜ፣ እናቴን እኮ የምታጥብልኝ ጎረቤት ናት። ለአንድ ወር ብቻ ፈርምልኝ፤ አዲስ መምህር ሲመጣ ታስረክባለህ።»

«አንቺንም ያኔ ለጊዜው ነው ብለውሽ ነበር» አልኳት። ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ ደብተር ማረም ጀመርኩ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ዓርብ አለፈ። ሰኞ ጠዋት የእሷ ክፍል ሲንጫጫ ሰምቼ በበሩ ብቅ አልኩ። ቁም ሳጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው በመነጽሩ ጉንዳን፣ የጫማ ክር፣ የገዛ ጥፍራቸውን ያያሉ። አንዷ ብቻ መነጽሯን እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ቲቸር፣ ቢሰበርስ?»

እትዬ ቁልፍ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

«ይሰበራ። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም።»