ያጨበጨብንለት ጥፊ

መርማሪው ተጠርጣሪውን በጥፊ ሲያጮለው እኔና ወንድሜ እንደ ልጅነታችን አጨበጨብን።

ዛሬ ከሰዓት እዚሁ ጎንደር ቤታችን፣ ያንን የድሮ የፖሊስ ድራማ በዲቪዲ ከፍተን ነበር። አብረውን ያዩ የነበሩት አያ ሙላት፣ ለሕክምና ከድብ ባሕር የመጡት የአባቴ ወዳጅ፣ ድንገት ተነሡ።

«ምነው አያ? ሸጋው ቦታ ገና ነው እኮ!» አልኳቸው።

«እኔንም እንዲህ እየመቱ ነው በሬ ሰርቄያለሁ ያሰኙኝ። በሬው ኋላ ሌላ ሰው ቤት ተገኘ» አሉኝ።

ግራ ጆሯቸው የማይሰማው በእርጅና ይመስለኝ ነበር።

ድራማው ላይማ የተመታው ሁሌም ጥፋተኛው ነው።

ይቅርታ ስጠይቃቸው «ግድ የለም፣ ልጆች ናችሁ» አሉኝ። አርባ ዓመት ሆኖኛል።

እናንተስ በልጅነታችሁ አጨብጭባችሁለት ዛሬ ያሳፈራችሁ ነገር የለም? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን ማፈሩ ከብዶኛል።