ዘፈን ያለበስኩት ምርቃት

አዳማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የምንሠራ ሰዎች አንድ ልማድ አለን፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ድምፁን አጥፍተን ዘፈን እናለብሰዋለን። ምርቃት ይረዝማል፣ ሰው ጭፈራ ማየት ይፈልጋል እንላለን። እኔማ ገና ቪዲዮው የሚቀናበርበትን ሲኩዌንስ ስከፍት ነበር ለዘፈኑ መስመር የማዘጋጀው። ያለቀውን ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርጌ ካስረከብኩ በኋላ ደግሞ ለሚቀጥለው ሠርግ ቦታ እንዲኖረኝ ዋናውን ቀረጻ ከሃርድ ዲስኩ አጠፋለሁ። በፍጥነቴ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቁር የለበሰች ሴት ከመቂ መጣች። ባለፈው ዓመት ሠርጓን የሠራሁላት ናት። አባቷ ሞተው አርባቸው ገና መውጣቱ ነበር።

"ወንድሜ፣ አባቴ ሲመርቀኝ የሚሰማው ዘፈን ነው። ዘፈኑን አንሳልኝና ድምፁን ልስማው" አለችኝ።

ቀረጻውን እንዳጠፋሁት ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

"እንግዲያው ዘፈኑ ይጥፋና ፊቱን ልየው" አለች።

ይዛው የመጣችውን ቪዲዮ ከፍቼ ድምፁን ዘጋሁት። አባቷ እርጥብ ሣር ይዘው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እሷም ከከንፈራቸው እኩል በኦሮምኛ ትል ጀመር፤ "ሆራ፣ ቡላ..."፤ እርቡ፣ ኑሩ እንደማለት ነው። ድሮ ጠዋት ጠዋት ከቤት ስትወጣ ይመርቋት የነበረው ይኸው ስለሆነ በቃሏ ታውቀዋለች። እሳቸው ትንፋሽ ሲወስዱ እሷም ዝም ትላለች፤ እዚያ ላይ ሳላስበው "አሜን" እል ነበር።

መሃል ላይ አባቷ ሣሩን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ። የእሳቸው ከንፈር ቀጠለ፤ የእሷ ቆመ።

"ይሄን አላውቀውም" አለች። "እስቲ መልሰው።"

መለስኩት። ሦስት ጊዜ መለስኩት።

"ያን ቀን እያለቀስኩ ስለነበር አልሰማሁትም። አንተ ግን ስትሠራው ሰምተኸዋል አይደል? ምን አለኝ?"

ሰምቼዋለሁ። ዘፈኑን ከየት እንደማስገባ ለመምረጥ በጆሮ ማዳመጫ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቼዋለሁ። ኦሮምኛም አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው። አንዲት ቃል እንኳ አላስታወስኩም።