የውቢት ምላስ

ቢቸና ውስጥ ማር የሚገዛ ሰው ሁሉ "መጀመሪያ ይግዛው ይቅመሰው" ይል ነበር። የይግዛው ጠጅ ቤት ስም ያወጣውም በዚሁ ነው። ሻጭ የከረመ ማር ይዞ ሲመጣ በጣቱ ጠቅ አድርጎ ይልስና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ "ትንሽ በብርጭቆ ተውልኝ፣ ነገ እነግርሃለሁ" ይላል። ሰዉም "ምን ያለ ብልህ ነው፣ አይቸኩልም" እያለ ያደንቀዋል።

ምኑ ይደነቃል እቴ! ለይግዛው ማር ሁሉ ይጣፍጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ አንዳች አይታወቀውም። ብርጭቆዋ የምትሄደው ጓዳ፣ ሚስቱ ውቢት ዘንድ ነበር። ስኳር የገባበት ከሆነ ውቢት ቃል ሳትተነፍስ ምላሷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። በደንብ የከረመ ከሆነ አፏን ገጥማ ዝም ትላለች። በማግሥቱ ፈራጁም ተመስጋኙም ይግዛው ነው። በሰው ወርቅ አይደመቅም ይባላል እንጂ፣ እሱስ በሚስቱ ምላስ ደምቆ ኖረ።

ዘንድሮ ግን ውቢትን እህል እንቢ አላት። ሐኪሞቹ አይተው አይተው "የምትወደውን ስጧት" ብለው መለሷት። የዚህን ቃል ትርጉም በእኛ አገር የሚያጣው የለም።

"ምን ላምጣልሽ?" አላት።

"የሞጣ ማር፣ የከረመ። አንዴ ብቻ ልቅመሰው።"

በማለዳው ሚኒባስ ሞጣ ሄደ። ማር ነጋዴው ደምለው ገና ሲያየው እንስራዎቹን ከፈተለት።

"አያ ይግዛው፣ ለእርስዎ ምን ይነገራል? ቀምሰው ይምረጡ።"

ገበያተኛው ከበበው። የመጀመሪያውን ላሰ፣ ጣፈጠው። ሁለተኛውን ላሰ፣ ጣፈጠው። ሦስተኛውም ያው ነው። ዓይኑን ቢጨፍን ምን ሊመጣ! "ለነገ ተውልኝ" እንዳይል፣ የውቢትን ነገ ማን አይቶት? ጨነቀው።

"ደምለው፣ እኔ ማር አላውቅም" አለ በመጨረሻ። "የምታውቀው ውቢት ናት። እባክህ አንተው ምረጥልኝ።"

ገበያው በሳቅ ሞላ።

"ሰማችሁ? ቅኔ መዝረፋቸው እኮ ነው!" አለ ደምለው። "ወርቁን ደግሞ ቤታችን ገብተን እንፈታዋለን። በሉ ይምረጡ፣ አያ ይግዛው።"

ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶ ታመነ፤ አንድ ቀን እውነት ቢናገር ቅኔ ሆነበት። ጠቆር ያለውን እንስራ እንደ ዕጣ በጣቱ አመለከተ።

ቤት እንደገባ በማንኪያ አቀመሳት። ውቢት አፏን ገጥማ ዝም አለች፤ የይግዛው ልብ ሞቅ አለ።

"አገኘኸው፣ እሱው ነው" አለችው ፈገግ ብላ። "ማን መረጠልህ?"

"ራሴው።"

"ጎሽ።"

ማሩን ሊከድን ዞር አለ። ሲመለስ ቀጭን እጇ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ወደ አፏ ሲጎተት አየው። አቅም አጥቶ አገጯ ላይ ቀርቷል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ይግዛው አጠገቧ ተቀመጠና የነጠላውን ጫፍ ከእጇ ወስዶ ምላሷን ጠረገላት።