ያልተቀመሰው ወተት

ትናንት ልጄ ለምለም የሳል መድኃኒት በማንኪያ ይዛልኝ መጣች። እንደ ልማዴ «ምንድን ነው? ማን ነው ያዘዘው?» አልኋት። «አባዬ፣ ልቅመስልህ?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሐሳቤ ከዝቋላ ወደ ሰቆጣ ወደሚወስደው የድሮ መንገድ ነጎደ።

በወጣትነቴ ሰው የማላምን ነበርሁ። አጎቴ ሰርግ ቤት በጠጣው ጠላ ሞተ ስለሚባል፣ አባቴ «ያልተቀመሰ እንዳትጠጣ» እያለ አሳደገኝ። ባገራችን አሳላፊ መጠጡን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው የሚሰጥ። ለሌላው ሰው ወግ ነው፤ እኔ ግን ጉሮሮው መንቀሳቀሱን ሳላይ አልቀበልም። ጸሎት እንኳ ስቆም እግዜርን ዋስ ጥራ የምል ይመስለኝ ነበር።

የንጉሡ ዘመን ሊያልቅ ሲል፣ በሁዳዴ ጾም፣ ለምለም በትኩሳት ነደደች። ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም። እናቷ አራስ ነበረችና እኔው ታቅፌያት ወደ ሰቆጣ ሐኪም ቤት ወጣሁ። ማሽላው የታጨደበት መሬት በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ የቅሌም ውሃ መንገድ ላይ አለቀ። ልጅቱ ከንፈሯ ደርቆ ማልቀስ ሲያቅታት ያን ጊዜ ፈራሁ።

ከዳገቱ ሥር ካለች ጎጆ አንዲት ባልቴት ጣሳ ይዘው ወጡ።

«ውሃው አልቋል፣ ምንጩም ሩቅ ነው። ይችን የፍየል ወተት አጠጣት፣ ልጄ።»

በጾም ወተት ከቤታቸው ምን ይሠራል? ሆዴ ጠረጠረ።

«እናቴ፣ ይቅመሱልኝ።»

«ጾም ነው እኮ! እናቱ ለሞተችበት ግልገል ያለብሁት ነው። ምን ብዬ ልቅመሰው?»

ነገሩ እውነት ይመስላል፤ እኔን ደግሞ እውነት የሚመስል ነገር ይብስ ያጠራጥረኝ ነበር። እንዳልቀምሰው እኔም ጿሚ ነኝ። ጣሳውን ሳልቀበል ቆምሁ።

ባልቴቷ ፊቴን አይተው ገባቸው። «ይሁን፤ ልጅ ከሚሞት እኔ ልግደፍ። የንስሐ አባቴ የሚሉኝን ይበሉኝ» ብለው አማተቡና ጣሳውን ወደ አፋቸው አነሡት።

ከንፈራቸውን ሳይነካ ለምለም ከእቅፌ እጇን ዘርግታ ያዘችባቸው። አላመነታችም፣ እኔንም አልጠየቀች። ግጥም አድርጋ ጠጣች።

እኔ እዚያው ከጎጆዋ ደጃፍ ካለ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ትንፋሿን አዳመጥሁ፤ ባልቴቷንም በጎሪጥ እመለከት ነበር። ጥላው ሲዞር ለምለም ግንባሯን ላብ ላብ አላት። ዓይኗን ገልጣ «ሌላ አለ?» አለች። አፈርሁ፤ ተነሥቼ የባልቴቷን ጉልበት ሳምሁ።

«እንደ ሕፃናት ካልሆናችሁ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ልጅ ሞኝ ስለሆነ የተባለ ይመስለኝ ነበር። ለምለም ግን ሞኝ አልነበረችም። አባቷ ታቅፏታል፤ ከዚህ በላይ ምን ዋስ ትፈልግ? እኔንም የታቀፈኝ እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውን ሁሉ አመንሁ ብል ውሸቴን ነው፤ ጸሎት ስቆም ግን ዋስ መጥራቴን ተውሁ።

ትናንት ለምለም ማንኪያውን ወደ አፏ ልታስጠጋ ስትል እጇን ያዝሁ። መድኃኒቱን ያዘዘውን ሐኪም አሁንም አላምነውም። የያዘችልኝ ግን እሷ ናት።

«ተይው፣ አትቅመሺ» አልኋትና አፌን ከፈትሁ።