ብቻዬን ላድር የወጣሁ ዕለት

ሰው አልወድም ማለቴ አይደለም። ሰው እወዳለሁ፤ ሲበዛብኝ ግን ይታክተኛል። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሰው በዛ። መሥሪያ ቤት ስገባ የውይይት ክበብ፣ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ፣ በመካከሉ የዳቦ ሰልፍ፣ የስኳር ሰልፍ፣ የድጋፍ ሰልፍ። ብቻዬን የምሆነው ሽንት ቤት ስገባ ነበር፤ እሱም የግቢው የጋራ ስለሆነ «ኧረ ቶሎ ውጡ» የሚል አይጠፋም። የዓመት ፈቃዴን ስወስድ አንድ ነገር ወሰንኩ። አንዲት ሌሊት፣ አንዲት ብቻ፣ ማንም ስሜን ሳይጠራና ማንም ሳያየኝ እንጦጦ ጫካ ውስጥ አድራለሁ።

ለእናቴ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር።

«ከማን ጋር?» አለችኝ።

«ብቻዬን።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ምን ሆነህ?»

«ምንም አልሆንኩም። አየር ልቀበል ነው።»

«አየር እዚህስ መቼ ጠፋ?» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እናቴ በዚያን ጊዜ ብዙ አትናገርም። ስወጣ ግን የግቢውን በር ይዛ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኗ ሸኘችኝ።

ብስክሌቴ ጥቁር የቻይና ብስክሌት ነበረች፤ ጠንካራ ናት፣ ክብደቷ ግን አይጣል ነው። ከኋላ መጫኛዋ ላይ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው አጎቴ የሰጠኝን አሮጌ ሸራ ከብርድ ልብሴ ጋር ጠቅልዬ አሰርኩ። በላዩ ላይ ከሾላ ገበያ የገዛሁትን አዲስ የቃጫ ገመድ ጠመጠምኩ። በሶ፣ ዳቦና ውኃ በከረጢት ያዝኩ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ያለውን ዳገት እየነዳሁ እወጣለሁ ብዬ ነበር የተነሳሁት፤ ገና ከሰፈር ሳልወጣ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ጉልት ላይ ድንች የምትሸጥ አንዲት ሴት «ምነው፣ ማን ነው ማንን የጫነው?» ብላ ሳቀችብኝ። መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

ጫካው ውስጥ ስገባ ግን ድካሜን ረሳሁት። ኅዳር ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ባሕር ዛፉ ቀጥ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉ ብቻ ይወዛወዛል፤ እታች ነፋስ የለም፣ እላይ ግን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ሹሹታ ይሰማል። የደረቀው ቅጠል ከጎማዬ ስር ይንኮሻኮሻል። ጉንፋን ሲይዘን እናቴ አፍልታ የምታጥነን ቅጠል እዚያ ምድሩን ሞልቶ ተኝቷል፤ አፍንጫዬ ተከፍቶ እስከ ሳንባዬ ድረስ ገባልኝ። ከፍ እያልኩ ስሄድ ባሕር ዛፉ ሳሳና የጥንቱ ጽድና ወይራ ብቅ ብቅ አለ። ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው ግንድ፣ ከየቅርንጫፉ የተንዠረገገ ሽበት የመሰለ ነገር ያለው ጽድ አየሁ። ከስሩ ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ለማን እንዳወለቅኩ አላውቅም፤ ለዛፉ መሰለኝ።

ከተራራው ጫፍ ስደርስ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ የኔ ሆነ። በቀኜ አዲስ አበባ ጭሷን ለብሳ ቆርቆሮዋ ያብለጨልጫል፤ በግራዬ የሰሜኑ አገር፣ ቢጫ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ጋራ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ ጋራ። ይህ ሁሉ ከሰፈሬ በላይ ተቀምጦ እኔ ስኳር ሰልፍ ላይ ስቆም መኖሬ አናደደኝ። አንዲት ሚዳቋ መንገዱ መሀል ቆማ አየችኝ፤ ፍሬን ስይዝ ሲጢጥ ቢል እንደ ጥላ ተሰወረች። ቁልቁለቱን ስለቀው ጮክ ብዬ ዘፈንኩ። ድምፄ አያምርም፤ ብቻዬን መሆን ከፈለግኩበት ምክንያት አንዱም ይኸው ነው።

ወደ አመሻሹ ላይ በሰሜኑ በኩል ትንሽ ወረድ ብዬ ማደሪያዬን መረጥኩ። ከኋላዬ ጫካ፣ ከፊቴ የገብስ ማሳ ነው። ድንኳን መትከል የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ሸራውን ይዘረጋል። እኔ ከገመዱ ጀመርኩ። በአንድ ወፍራም የወይራ ቅርንጫፍ ላይ ወርውሬ አሳለፍኩት፣ ሸራውን ልሰቅልበት ጫፉን ሸምቀቆ አደረግኩት፣ ይችላል አይችልም ብዬ ልፈትን በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። ሸራው ገና ብስክሌቷ ላይ እንደታሰረ ነው። እታች ማሳው ላይ ገብስ የሚያጭዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔ አላየኋቸውም፣ እሳቸው ግን አይተውኛል። ከከተማ ብቻውን የመጣ ወጣት፣ አዲስ ገመድ፣ ሸምቀቆ። ምን እንዳሰቡ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ራሴን ልሰቅል የመጣሁ መስሏቸዋል።

ማጭዳቸውን እንደያዙ ዳገቱን ሮጠው ነው የመጡት። ሲደርሱ ግን መሮጣቸውን ደብቀው፣ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሰላም አሉኝ። አማርኛቸው የኦሮምኛ ዜማ አለው።

«እንደምን ዋልክ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን ዋሉ፣ አባባ?»

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«የምትጠብቀው ሰው አለ?»

«የለም። ከሰው ልገላገል ብዬ ነው የመጣሁት» አልኳቸው፤ መቀለዴ ነበር።

ዓይናቸው ከገመዱ አልተነቀለም። «ስንቅስ ይዘሃል?»

«ለዛሬ የምትበቃኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ያደርግልኛል?»

ከዚህ የከፋ መልስ ፈልጌም አላገኝም። ሽማግሌው አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ የሚነሱም አይመስሉም። ይህን ሁሉ ዳገት የገፋሁት እዚህም ስብሰባ ልቀመጥ ነው? አልኩ በልቤ። ላማቸው በቅርብ እንደምትወልድ ነገሩኝ። ነገ ፀሐይዋ ደህና እንደምትሆን፣ ከነገ ወዲያ ውቂያ እንደሚጀመር፣ ለውቂያ ጎበዝ እንደሚፈለግ ነገሩኝ። ስለ ነገ እንደዚያ ብዙ ያወራኝ ሰው የለም። ከዚያ ድንገት ጠየቁኝ።

«እናት አለችህ?»

«አለች።»

«ወንድምስ?»

«ታላቅ ወንድም ነበረኝ» አልኩ።

በዚያ ዘመን «ነበረኝ» ካሉ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ወንድሜን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወሰዱት። ሬሳውን አልሰጡንም፣ እንድናለቅስም አልፈቀዱልንም። እናቴ ጥቁር ሳትለብስ፣ ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ በሰው ፊት አንዲት እንባ ሳታወጣ ዓመታት አለፉ። ይህን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን ከድንጋዩ ተነሱና ገመዱን ጨበጡ።

«ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ላም አስርበታለሁ።»

«አባባ፣ ገመዱ ለኔም ያስፈልገኛል። ሳይመሽ ልጨርስ።»

«አትጨርስም!» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

እጃቸው ገመዱን አልለቀቀም። ሸምቀቆውን አየሁ፣ ቅርንጫፉን አየሁ፣ የተናገርኩትን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሳቅም ድንጋጤም አንድ ላይ ያዘኝና ወደ ብስክሌቴ ሮጬ ሸራውን ጎትቼ ሣሩ ላይ በተንኩት።

«ድንኳን ነው፣ አባባ! ለድንኳን ነው! ጠዋት እመለሳለሁ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች!»

ሸራውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሸራውን ደግመው አዩት። ግማሽ ልባቸው አመነኝ መሰለኝ። «ድንኳን ከሆነ ያለ ገመድም ይቆማል» አሉ። ከጫካው ሁለት ባላ እንጨትና አንድ አግዳሚ አምጥተው፣ ጉድጓዱን በማጭዳቸው ጫፍ ቆፍረው፣ አፈሩን በእግራቸው ጠቅጥቀው ሸራዬን አቆሙልኝ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ቤት ሠሩልኝ ማለት ነው። አጨራረሳቸው ደስ ይል ነበር፤ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጭነው፣ በሩን ከነፋሱ አዞሩልኝ።

«ጎጆዬ ያቺትና» አሉኝ ሲጨርሱ። «ቤት እያለ ሰው ሜዳ ያድራል?»

«አይቀየሙኝ፣ አባባ። ብቻዬን ማደር ነው የፈለግኩት።»

«እሺ» አሉ። እሺታቸው ግን እሺታ አይመስልም ነበር። ገመዴን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወረዱ።

የተመኘሁትን አገኘሁ። እሳት አነደድኩ፣ በሶዬን በጠበጥኩ። ጀምበር ስትጠልቅ ጋራው ሁሉ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ከዚያ ከተማ ውስጥ አይቼ የማላውቀው ዓይነት የኮከብ መዓት ወጣ። ደስ አለኝ፤ በግልጽ፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ብርድ ልብሴን ተጠቅልዬ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ስነቃ ነግቷል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ምድሩ ነጭ ሆኗል። ከድንኳኔ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ከገብሱ ክምር ስር፣ ሽማግሌውና ሚስታቸው አንድ በርኖስ ለሁለት ደርበው ተቀምጠዋል። የበርኖሱ ትከሻ አመዳይ ይዟል። ፊታቸው ወደ ክምሩ አይደለም፣ ወደ ድንኳኔ ነው። ራሴን ሳወጣ ባልቴቷ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«እሰይ! ነጋልህ! ነጋልህ፣ የኔ ልጅ!»

«ክምር ስንጠብቅ ነው ያደርነው» አሉ ባልየው ቶሎ ብለው። «ዝንጀሮ አስቸግሮን።»

ዝንጀሮ ሌሊት እንደማይወጣ የከተማ ልጅ የሆንኩት እኔ እንኳ አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ብርድ ውስጥ፣ የማያውቁት ሰው እንዳይሞት፣ ያውም ሊሞት ያላሰበ ሰው እንዳይሞት ተቀምጠው አደሩ። ባልቴቷ ጎጆ አስገብተው ትኩስ አጥሚት ሰጡኝ፤ ጠጥቼ እስክጨርስ አጠገቤ ቆመው ተመለከቱኝ። ስለ ገመዴ ስጠይቅ «ላሟን አስረንበታል» አሉ ፊታቸውን አዙረው። ላሚቷ ከደጅ ያለ ምንም ገመድ ቆማ ሣር ትግጣለች።

ሽማግሌው እስከ ተራራው ጫፍ የብስክሌቴን ኮርቻ ይዘው ሸኙኝ። እዚያ ስንደርስ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች አገኘን። ሽማግሌው አንዷን በዕድሜ ጠና ያለችውን አስቆሙ፤ ከወገቧ በላይ የጭራሮ ክምር እንጂ ሰው አይታይም።

«ይህን ልጅ አደራ» አሏት። «እናቱ እጅ ድረስ።»

«እሺ፣ አባባ» አለች፤ ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ብስክሌት ይዤ፣ ቁልቁለት ከፊቴ ተዘርግቶ፣ በእግሬ ወረድኩ። ሸክሟን መጫኛዬ ላይ ላድርግልሽ ብላት ሳቀች፤ ጭራሮው ከብስክሌቷ ይረዝማል። ሽማግሌውን ያወቅኳቸው ገና ትናንት መሆኑን በመንገድ ነገርኳት። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ስንደርስ ጓደኞቿ ወደ ሾላ ታጠፉ። እንጨት በጠዋት ካልደረሰ ገዢ እንደማያገኝ አውቃለሁ። «በቃ፣ ከዚህ ወዲያ ለብቻዬ እደርሳለሁ፤ አንቺ ገበያሽ እንዳያልፍሽ» አልኳት።

«አደራ እኮ ነው የተቀበልኩት» አለች ሳትቆም። «መንገድ ላይ ይጣላል እንዴ?» ብላ ከነሸክሟ ወደ ሰፈሬ መንገድ ገባች። እኔ ባዶ ጀርባዬን ይዤ እያለከለክኩ ከኋላዋ ተከተልኩ፤ የተሰነጣጠቀ ባዶ እግሯ ድንጋዩን ሳያይ ይመርጣል። እንደሷ ያለ ሰው ዳግም አላየሁም።

እናቴ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን በሸክም የጎበጠችውን ሴት ነው። ደነገጠች። በዚያ ዘመን የማናውቀው ሰው በራችን ላይ ሲቆም ደግ ነገር ይዞ አይመጣም ነበር።

«ልጅዎን ይረከቡኝ፣ እትዬ» አለች ሴትየዋ። «ደህና ነው። ምንም አልሆነም።»

እናቴ ፊቴን ዳሰሰች፣ ትከሻዬን ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞራ ሸክሙን ከጀርባዋ አወረደችላት።

«ማን ላከሽ?»

«ከጋራው ጀርባ ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እናቱ እጅ ድረስ ብለው አደራ ሰጡኝ።»

«የት ያውቁታል?»

«ኧረ አያውቁትም፣ እትዬ» አለች ሴትየዋ ላቧን በነጠላዋ እየጠረገች። «ትናንት ነው ያዩት።»

እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የደከማት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ሴትየዋ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አጠገቧ ተቀምጣ አብራት አለቀሰች። እኔ ብስክሌቴን እንደያዝኩ ቆሜ፣ እናቴ የወንድሜን ስም እየጠራች ስታለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት።