«ተጠንቀቂ» ያሉኝ መስሎኝ

መጀመሪያ የታመመው እጄ ነው። ሐኪም እንዲህ ብሎ አይጽፈውም፤ እኔ ግን የማውቀው እንደዚያ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ፣ ኢገን ከተማ ካለው አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ። ጭኔ ላይ ባዶ የምግብ ዕቃ አለ። ለልጄ ለሊዲያ ራት ብዬ የገዛሁት ዶሮና ሩዝ ነበረበት። መግዛቴን አስታውሳለሁ። መብላቴን አላስታውስም። ጣቶቼ ቅባት ናቸው፣ መሪው ቅባት ነው፣ ምላሴ ላይ ግን ጣዕሙ የለም።

ደክሞኝ ነው ብዬ ሳቅሁና ተውኩት። በሳምንቱ ደገመኝ። ቆይቶ የዘወትር ሆነ።

ሥራዬ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ራሳቸውን ችለው መብላት ያቃታቸውን በማንኪያ አበላለሁ። እየወፈርኩ ስሄድ ሰው ሁሉ በበጎ ነው ያየው። ቤተ ክርስቲያን እኅቶች ክንዴን ጨበጥ አድርገው «ተመችቶሻል» ይሉኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ምኑ ነው የተመቸኝ? ደረጃ ስወጣ ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ጫማዬን ለማሰር ትንፋሼን መያዝ አለብኝ። ባለቤቴ ከባድ መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። አበላሌን የምታየው ሊዲያ ብቻ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ስላደገች በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ የምታየውን ግን አንድም አትስትም።

ክሊኒክ ሄድኩ። ደሜን መረመሩ፤ ፕሪዳያቤቲስ፣ የስኳር በሽታ ዋዜማ ነው አሉኝ፣ የደም ግፊትም ጨመሩበት። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ሐኪም ፊት ስቀመጥ ግን ጥሎኝ ይጠፋል። ስለዚህ በስልክ አስተርጓሚ አገናኙኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ እጇን በዝግታ እያንቀሳቀሰች ብዙ አወራች። ማይንድፉል የምትል ቃል ደጋግማ አነሳች። አስተርጓሚው አሳጠረው።

«ሲበሉ በጣም ይጠንቀቁ፤ እያንዳንዱን ጉርሻ ይጠንቀቁ ይላሉ» አለኝ።

አመስግኜ ወጣሁ። አገር ቤት፣ እኛ ሰፈር የግቢ በር ላይ «ከውሻ ተጠንቀቅ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። እኔም ምግብን እንደዚያ ውሻ ተጠነቀቅኩት። ቁርስ ተውኩ። ምሳ ተውኩ። የቤተ ክርስቲያን የጾም ጸሎት ሲታወጅ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እኔ ነበርኩ፣ ሲያበቃም እኔ ቀጠልኩ። ዳቦውን ቆሻሻ ውስጥ ከትቼ ሳሙና አፈስበታለሁ፣ መልሼ እንዳላወጣው። እጄ ወደ ሳህን ሲሄድ በሌላው እጄ እመታዋለሁ። በጥፊ። አንዳንዴ በማንኪያ ጀርባ።

ለጥቂት ቀን እችላለሁ። ከዚያ ይፈነዳል።

ማቀዝቀዣውን እከፍታለሁ። አልቀመጥም። ሳህን አላወጣም። የቀዘቀዘ ፓስታ በእጄ ከድስቱ እዝቃለሁ። በረዶ የሆነ ዳቦ እነክሳለሁ፣ ድዴ ይደማል፣ ከነደሙ እውጠዋለሁ። የማቀዝቀዣው በር ተከፍቶ ስለቆየ ይጮሃል። እኔ አልሰማም። ሲያልቅ ሆዴን በቡጢ እመታዋለሁ። እንደተያዘ ሌባ እደበድበዋለሁ። እስኪበልዝ።

አንድ ከሰዓት የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሊዲያ መስታወት ፊት ቆማለች። ሸሚዟን ገልባ የሆዷን ቆዳ ጨብጣለች። ቀጭን ልጅ ናት፤ የምትጨብጠው እንኳ የላትም። ከዚያ ለቀቀችውና በቡጢ መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ልክ እንደ እኔ፣ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አጥፋ።

ከዚያ በኋላ የፈራሁት ስኳሩን አልነበረም፣ እሷ እንደ እኔ እንዳትሆን ነበር። ያገኘሁት መፍትሔ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ የአንዲት እኅት ልጅ ልደት ነበረ። ምግቡ ተደርድሯል፣ «በሞቴ፣ ትንሽ ብቻ» እያሉ ለመኑኝ። አንዲት ፍሬ አልነካሁም። ጥርሴን ነክሼ ስቄ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ካፖርቴን እንኳ አላወለቅኩም። ምን እንደበላሁ ዛሬም ሙሉውን አላውቅም። ትን አለኝ። ሳልኩ፣ ዋጥኩ፣ ጨመርኩ። ከዚያ መጣ። አስመለሰኝ። በኃይል። ደግሞ አስመለሰኝ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተቀደደ።

ደም ነበር። ቀይ፣ ትኩስ፣ ብዙ።

ሆዴን ለመምታት ቡጢዬን አነሳሁ። ሊዲያ ከኋላ መጥታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘችኝ። ታገልኳት። አልለቀቀችኝም። ወለሉ ላይ ደሙ ውስጥ አብረን ወደቅን። «ማሚ፣ ስቶፕ። ስቶፕ ሂቲንግ ኸር» ትለኛለች። ተዪ፣ አትምቻት ማለቷ ነው፤ ኸር፣ እሷን፣ ያለችው እኔን ነው። ራሴን ስደበድብ ለእኔ ታዝናለች።

አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት። ሆስፒታል በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ አዩኝ፤ የኢሶፋገስ፣ ማለትም የምግብ ቧንቧዬ፣ ውስጠኛ ሽፋን በማስመለሱ ብዛት ተቀዷል። ደሙ በራሱ ቆመ። የቀረውን ሕመሜን ቢንጅ ኢቲንግ ዲስኦርደር፣ ራስን መግታት አቅቶ ያለ ልክ የመብላት ሕመም፣ አሉት። ስም ያለው በሽታ መሆኑን ስሰማ አለቀስኩ፤ ለካ ሆዳምነት ብቻ አልነበረም።

ከወጣሁ በኋላ ወደዚያችው የክሊኒኩ ሐኪም ሄድን። ሊዲያ አብራኝ ገባች። ሐኪሟ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ስትጠይቀኝ «እንዳዘዝሽኝ ተጠነቀቅኩ» አልኳት። ሊዲያ ተረጎመችላት። ሐኪሟ ግራ ገባት፣ ያለችውን ቀስ ብላ ደገመችው። ሊዲያ ወደ እኔ ዞራ፣ እንዲገባኝ ብላ በተሰባበረ አማርኛዋ ጀመረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ማሚ፣ ተጠንቀቂ አላለችሽም። ድራይቭ ሳደርግ ምንድነው የምትዪኝ? ልብ ብለሽ ንጂ ትዪኛለሽ አይደል? ዛትስ ኢት፣ እሱ ነው። ልብ ብለሽ ብዪ ነው ያለችሽ።»

መንገዱን እንድትፈራው ብዬ አልነበረም እንደዚያ የምላት። የምትሄድበትን እንድታይ ነው። እኔ ግን ወራት ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ፍሬን ላይ ቆሜ ነበር።

መዳኑ ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ሐኪሟ በመጀመሪያ ያዘዘችኝ በሰዓቱ ሦስቴ እንድበላና አንዱንም እንዳልዘል ነበር፤ ቀጥላም፣ መስታወት ፊት ያየሁትን ስነግራት፣ ለዚህ ሕመም የሠለጠነች ቴራፒስት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ዘንድ ላከችን፣ እኔንም ሊዲያንም። ልብ ብሎ መብላት እንዴት እንደሆነ የገባኝ ግን ሥራ ቦታ ነው፤ መዋጥ የሚያስቸግራትን አንዲት አሮጊት ሳበላ፣ ማንኪያዋን ሞልቼ እንደማላጣድፋት፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጉሮሮዋን እያየሁ እስክትውጥ እንደምጠብቅ፣ ፊቷን ስታዞር በቃት ብዬ እንደማቆም አስተዋልኩ። ለሰው እናት ይህን ሁሉ እያደረግኩ ለራሴ አንድ ቀን አድርጌው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጭ ብዬ፣ ሳህን ላይ አድርጌ፣ ከጎረስኩ በኋላ ማንኪያዬን አስቀምጬ መብላት ለመድኩ፤ እጄ ሲጣደፍ ርቦኝ ነው ወይስ ተናድጄ ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ ብዙ ጊዜም ተናድጄ ሆኖ ይገኛል። አንዲት እኅት ይህ ማይንድፉልነስ የሚሉት ልብ ማለት የባዕድ አምልኮ ነው ብላ ልትመልሰኝ ሞከረች። «ምግብ ፊት ሁልጊዜ እጸልይ የለ? ስጸልይ ግን እጄ ቀድሞ ዳቦው ላይ ነበር፤ አሁን አሜን እስክል ጭኔ ላይ ይቀመጣል፣ ለውጡ ይኸው ነው» አልኳት።

ክብደቴ ትንሽ ወረደና ቆመ። ቅር ብሎኝ ለሐኪሟ ስነግራት እንዲህ አለችኝ፦

«ሚዛኑ ብዙ ላይወርድ ይችላል። መጀመሪያ የምፈልገው ድብደባው እንዲቆም ነው።»

አልፎ አልፎ ያገረሽብኛል፤ መምታቱ ግን ቆሟል። ስኳሩም ረገብ ብሏል።

በዚህ ውስጥ ያላችሁ፣ ራሳችሁን አትደብቁ፣ ራሳችሁን በረሃብ አትቅጡ። ደም ካስመለሳችሁ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። አስተርጓሚ ሲያሳጥርባችሁ በሌላ ቃል ድገምልኝ በሉት፤ ማፈር የለም። የሰው ገላ እያያችሁ ተመችቶሻል፣ ከስተሻል ማለቱንም ተዉት፤ ልጆች ይሰማሉ። ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ስልክ ላይ የነበረውንም ሰውዬ አልቀየምኩትም፣ የቸገረው ቃል ነው። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ እነዚያን ሁለት የሊዲያን እጆች ስለሰጠኝ።

ባለፈው እሑድ ምሳ እየበላን ሊዲያ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ግማሹ አለ። የድሮው አፌ «ጨርሺ» ሊል ነበር፣ የድሮው እጄ ደግሞ የተረፈውን ሊያነሳ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጠገብኩ» አለችኝ፣ በአማርኛ።

እጄ ጭኔ ላይ ነበር።