የራሴን ተዝካር የበላሁ ቀን

ሶማሊያ ዘምቼ፣ እዚያው ቆስዬ፣ ስልክ በሌለበት ወራት ሆስፒታል ተኝቼ አገሬ ገባሁ። አምበር ከተማ ላይ ከመኪና ወርጄ በእግሬ መንደራችን ስደርስ ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጥሏል። "አባቴ ሞተ!" ብዬ ወደ ደጃፉ ተጣደፍኩ።

ደጃፉ ላይ የቆሙ የማላውቃቸውን ሽማግሌ "አባባ፣ የማን ተዝካር ነው?" አልኳቸው።

"የልጃቸው የይበልጣል። ወታደር ነበር፤ ሬሳው በታሸገ ሳጥን መጣ። ግባና ቅመስ።"

ይበልጣል እኔ ነኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ተከትያቸው ገባሁ። ከስቻለሁ፣ ጢሜም አድጓል፤ ማንም አላወቀኝም። ከመንገደኞች ጋር አስቀምጠው እንጀራ አቀረቡልኝ። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው "ዝም ብለህ አትብላ እንጂ፣ ነፍስ ይማር በል" አሉኝ።

"ነፍስ ይማር" አልኩ። ድምፄ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰለኝ። ቄሶቹ በክርስትና ስሜ ሲጸልዩ ገላዬን ዳሰስኩ። እውነት ሞቼ ይሆን?

እናቴ ወጥ ልትጨምርልኝ ጎንበስ ስትል ዓይን ለዓይን ተያየን። ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ "አለህ?" አለችኝ።

"አለሁ፣ እማ።"

ሰዉ ደንግጦ ሲነሳ ቄሶቹም ጸሎቱን አቆሙ። እናቴ እጄን ሳትለቅ ወደ እነሱ ዞረች።

"አባቶቼ፣ አታቋርጡ" አለች። "የቀበርኩት የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። እናቱ ገና አልሰማችም፤ እስክትሰማ እኔ ላልቅስለት።"